የጋማ ጨረር ፍንዳታ ርዝራዥ በራዲዮ ቅኝቶች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጋማ ጨረሩን ሳተላይት ካላየው ፍንዳታው በራዲዮ እንዴት ይያዛል?

መልስ፦ ርዝራዥ ማለት ከፍንዳታው በኋላ የሚቆየው ጨረር ነው። ጋማ ጨረሩ የሚወጣው በቀጭን ጄት (በታላቅ ፍጥነት በሚወረወር የቁስ ፍሰት) ነው። የጄቱ ግማሽ ስፋት 5 ዲግሪ ከሆነ፣ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ቢወረወርም ወደ እኛ የሚያነጣጥረው ከ260 ገደማ አንዱ ብቻ ነው። ጄቱ ከአካባቢው ጋዝ ጋር እየተጋጨ ሲዘገይ ግን የራዲዮ ጨረሩ በየአቅጣጫው ይሰራጫል፤ ለዓመታትም ይቆያል።

ጥያቄ፦ እንዲህ የተገኘ አለ?

መልስ፦ ከሁሉም የሚያሳምነው እጩ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ፈርስት ጄ1419+3940 የተባለው የራዲዮ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በ1.4 ጊጋኸርዝ ብርታቱ 26 ሚሊጃንስኪ (የራዲዮ ብርታት መለኪያ) ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በ3 ጊጋኸርዝ ሲፈለግ ከ0.4 በታች ወርዶ ጠፋ። ያለበት ትንሽ ጋላክሲ ኮከብ በብዛት የሚወለድበት ሲሆን 87 ሜጋፓርሴክ (ሚሊዮን ፓርሴክ፤ አንድ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው) ይርቃል። በኋላ የአውሮፓ ቴሌስኮፖች ተጣምረው ስፋቱን ሲለኩት 1.6 ፓርሴክ ሆነ። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ይህ ልኬት ነው፤ እየሰፋ ከሄደ የፍንዳታ ማዕበል ጋር ይገጥማል።

ጥያቄ፦ ፍለጋው ከምን ይጀምራል?

መልስ፦ ከፈርስት ካታሎግ፣ ማለትም በ1.4 ጊጋኸርዝ ከተደረገው የሰማይ ቅኝት የምንጮች ዝርዝር። ከ3 ሚሊጃንስኪ በላይ የሆኑትንና ነጥብ መሳዮቹን ብቻ ያስቀሩ፤ ጠቅላላ ብርታታቸው ከጫፍ ብርታታቸው ብዙም መብለጥ የለበትም። ከዚያ ካታሎጎችን በሚያዛምደው ቶፕካት በተባለ ሶፍትዌር፣ በ3 ጊጋኸርዝ ከተደረገው የቪላስ ቅኝት ካታሎግ ጋር በ2 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600 ነው) ርቀት ያዛምዱ። ድግግሞሹ ስለሚለያይ ብርታቱን በቀጥታ አያወዳድሩ፦ በተለመደው −0.7 ስፔክትረም (ድግግሞሹ ሲጨምር ብርታቱ የሚቀንስበት መጠን)፣ በ1.4 ጊጋኸርዝ 3 ሚሊጃንስኪ የነበረው ሳይከስምም በ3 ጊጋኸርዝ 1.8 ገደማ ይሆናል። የቪላስ የአንድ ዙር ኖይዝ 0.12 ገደማ ስለሆነ ይህ በግልጽ መታየት ነበረበት። ካልታየ ምስሉን ራሱን ከፍተው ይዩት።

ጥያቄ፦ በሌላው የ1.4 ጊጋኸርዝ ቅኝት፣ በኤንቪኤስኤስ ብጀምርስ?

መልስ፦ አይመከርም። የምስሉ ጥራት (ቢም) 45 አርክሰከንድ ስፋት ስላለው ጎረቤት ምንጮችን አንድ ላይ ይደምራል። ቪላስ በ2.5 አርክሰከንድ ሲለያያቸው፣ የተዘረጋውንም ብርሃን ሲያጣ፣ ያልከሰመው የከሰመ ይመስላል። አብዛኛው የሐሰት እጩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በጋላክሲ እምብርት ካለ ብላክ ሆል የራዲዮ ጨረርስ በምን ይለያል?

መልስ፦ መጀመሪያ ቦታውን ይመልከቱ፤ ጋላክሲው እምብርት ላይ ከተቀመጠ ይጠርጥሩ። ቀጥሎ የቪላስን ሦስት ዙሮች ያስተያዩ፦ ብላክ ሆል ይወጣል ይወርዳል፣ የፍንዳታ ርዝራዥ ግን አንዴ መክሰም ከጀመረ ተመልሶ አይደምቅም። ተስፋ ሰጪ ከሆነ አዲስ ምልከታ ሲጠይቁ ብዙ ድግግሞሾችን በአንድ ቀን ያስለኩ፤ በተለያየ ዓመት የተለካ ስፔክትረም መክሰሙን ከቅርጹ ጋር ይቀላቅላል።