«ኮዱን ማንም ካየው ሌባም ያየዋል» ለሚለው ስጋት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስልክሽና ላፕቶፕሽ ላይ ያሉትን አፖች በሙሉ በኦፕን ሶርስ፣ ማለትም የተሠሩበት ኮድ ለማንም ክፍት በሆነ አፖች ልትቀይሪ አስበሻል። ጓደኛሽ ደግሞ «ኮዱን ማንም ካየው ሌባም ያየዋል» ብሎ ጥርጣሬ ውስጥ ከቶሻል። ማን ነው ልክ፣ ከየትስ ልጀምር ነው ያልሽው። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የጠቀመኝም አለ፣ ያቃጠለኝም አለ። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ጓደኛሽ ያነሳው ነገር የሚናቅ አይደለም። ግን ኮድ መደበቅ ሌባን አያስቆምም። ኮዳቸው በተዘጋ ፕሮግራሞች ላይም ቀዳዳ በየጊዜው ይገኛል። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ የጥገና አፕዴት የሚለቀው ለዚህ ነው። ቀዳዳ ፈላጊ ኮዱን ባያይም ፕሮግራሙን ነካክቶ፣ ፈታትቶ ይደርስበታል። ነገሩ ከኮምፒውተርም በፊት የታወቀ ነው። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ወታደራዊ ምስጠራ ሲጽፍ፣ ዘዴው ጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ችግር ሊያመጣ አይገባም ብሎ ነበር። በምስጢር መያዝ ያለበት ቁልፉ ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ኤኢኤስ የተባለው ምስጠራም አሠራሩ ለሁሉም ይፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ መመዘኛ ሆኖ የጸደቀው ባለሙያዎች በአደባባይ ሲፈትኑት ከቆዩ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል «ክፍት ስለሆነ ሺህ ዓይን አይቶታል» የሚሉሽንም እንዳለ አትቀበዪ። ማየት ይቻላል ማለት ታይቷል ማለት አይደለም። ብዙ ድረ ገጾች ግንኙነታቸውን የሚመሰጥሩበት ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ የነበረው ኸርትብሊድ የተባለው ስህተት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ሁለት ዓመት ያህል ሰው ሁሉ ፊት ተቀምጦ ነበር። ከሰርቨር፣ ማለትም አገልግሎቱን ከሚሰጠው ኮምፒውተር ሜሞሪ ላይ ፓስወርድና ቁልፍ ለመልቀም የሚያስችል ስህተት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን የኤክስዚ ጉዳይ ነው። ኤክስዚ ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ በተባለው ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሌላ ሥራ ሲለካ፣ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ መንገድ ነው) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ያልፍ ነበር። እሱ ግን ክሩን እየሳበ ሄዶ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ለሰርጎ ገብ የተተወ ስውር መግቢያ አገኘ። የቀበረው «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚሠራ ሰው ነው። በበጎ ፈቃደኝነት ከሁለት ዓመት በላይ ሲያግዝ ቆይቶ እምነት አትርፏል። ፕሮግራሙን ለዓመታት ሲንከባከብ የኖረው ሰው ደግሞ ሥራው ከብዶት ነበር። አጋዥ ሲመጣለት እንዴት እምቢ ይበል? ሌላም ነገር አለ። የጓሮ በሩን የሚቀሰቅሰው ቁራጭ ሰው ሁሉ በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሚታየው ኮድና የሚወርደው ፋይል አንድ መሆናቸውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ኤፍድሮይድ የተባለውን፣ የአንድሮይድ ኦፕን ሶርስ አፖች የሚወርዱበትን ማከማቻ የምወደው በዚህ ነው፤ አብዛኛውን አፕ ከኮዱ ተነስቶ ራሱ ይገነባዋል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ይመሰክራል? ለእኔ ለሁለቱም። ክፍት መሆኑ ተንኮሉ እንዳይገባ አላደረገም። ግን አንድ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ እስከ ሥሩ መቆፈር ቻለ። ኮዱ ተዘግቶ ቢሆን ግማሽ ሰከንዷን ለኩባንያው ሪፖርት አድርጎ መልስ ከመጠበቅ በቀር ብዙም አማራጭ ባልኖረው ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ስልክ እንምጣ። እኔ መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩት «ኮዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» ከሚለው በመነሳቴ ነው። መቅደም ያለበት «መረጃዬ የት ይቀመጣል? ማንስ ሊያነበው ይችላል?» የሚለው ነው። ቴሌግራምን ውሰጂ። የአፑ ኮድ ክፍት ነው፤ የሰርቨሩ ግን አይደለም። ተራ ቻትሽና የግሩፕ ወሬሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ተደርጎ አይመሰጠርም። ያ የሚሠራው አንቺው «ሲክሬት ቻት» ስትከፍቺ ብቻ ነው። ዋትስአፕ ደግሞ ኮዱ ዝግ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል፤ የሚጠቀመውም ሲግናል የተባለውን ኦፕን ሶርስ የመልእክት አፕ ፕሮቶኮል (የምስጠራ ዘዴ) ነው። ክፍትና ዝግ በሚል ብቻ ብትመርጪ እዚህ ላይ ትሳሳቺ ነበር። ዋትስአፕም ቢሆን ክላውድ ላይ ያለው ባክአፕ እንዲመሰጠር የሚያደርገው ምርጫ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ማብራትሽን አረጋግጪ።

ሲግናልን ያስመረጠኝ አንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ስለ ተጠቃሚዎች መረጃ እንዲሰጥ አዘዘው። ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። ሌላውን ከመጀመሪያውም አልያዘውም። ይህ ለእኔ ከማንኛውም የግላዊነት ፖሊሲ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «መውጣት ብፈልግ ይዤ መውጣት እችላለሁ?» የሚል ነው። ይሄን የተማርኩት በመራራ መንገድ ነው። ለአራት ዓመት ማስታወሻዬን ሁሉ አንድ አፕ ላይ እጽፍ ነበር። አባቴ በታመመ ጊዜ የሐኪሞቹን ትእዛዝ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ እሱ ያለኝንም ነገር እዚያው ነበር የምጽፈው። አንድ ቀን ኩባንያው አገልግሎቱን ሊዘጋ መሆኑን አሳወቀ፤ የሰጠን ሠላሳ ቀን ነው። ፋይሉን አወረድኩ፣ ተረጋጋሁ። በኋላ ልከፍተው ስል ከአፑ ውጪ የሚከፍተው ፕሮግራም የለም። አፑ ደግሞ ሞቷል። ግማሹን በጓደኛ እርዳታ አወጣሁት። ሌላው እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አፕ ስጭን ሦስት ማስታወሻ እጽፍበትና ወዲያው ኤክስፖርት አድርጌ፣ ማለትም ወደ ፋይል አውጥቼ በሌላ ፕሮግራም ለመክፈት እሞክራለሁ። ካልተከፈተ አፑን አጠፋለሁ። አንቺም ይቺን ነገር ልመጂ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትንኪ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስራ አንድ አፕ ቀይሬ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን መልሼ ጫንኩ። በብራውዘር ጀምሪ፤ ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ጨምሪ። ማስታወቂያውና የሚከታተልሽ ነገር ሲቀንስ በዚያው ቀን ታዪዋለሽ። ከዚያ ወደ ፓስወርድ ሂጂ። ፓስወርዶችሽን ሁሉ በአንድ ዋና ፓስወርድ ቆልፎ የሚይዝልሽ ቢትዋርደን ወይም ኪፓስኤክስሲ ይሁን፤ ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ሰዎች ብዙ የማይነግሩሽ ነገር አለ። ዋናውን ፓስወርድ ከረሳሽው «ፓስወርድ ረሳሁ» ብለሽ የምትጫኚው ቁልፍ አያድንሽም። ምስጠራው እውነተኛ ከሆነ የሠሩት ሰዎችም ሊከፍቱልሽ አይችሉም። እኔ አንዴ ረስቼው ስልሳ ያህል አካውንት አንድ በአንድ እየዞርኩ ቀይሬያለሁ። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ አስተማማኝ ቦታ አስቀምጪው። አታፍሪበት።

ሳትቀይሪያቸው የምትቆዪ አፖች ይኖራሉ፤ ችግር የለም። የእነሱን ፈቃድ ግን ፈትሺ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ የስልክ ባትሪ መብራት አፕ የተጠቃሚዎችን ሎኬሽን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያቀብል እንደነበር አጋልጧል። መብራት ለማብራት ያለሽበትን ቦታ ማወቅ ምን ይሠራለታል? ካሜራ፣ ማይክ፣ ኮንታክት፣ ሎኬሽን፦ አፑ ለምን እንደሚፈልገው ካልገባሽ ዝጊበት። በእውነት የሚያስፈልገው ከሆነ ራሱ ተመልሶ ይጠይቅሻል።

የመልእክት አፕን ለመጨረሻ አቆዪው። እሱ ብቻሽን የምትወስኚው አይደለም፤ ቤተሰብሽም ጓደኞችሽም አሉበት። እኔ ሁሉንም በአንድ ቀን «ወደ ሲግናል ኑ» ብዬ ሦስት ሰው ብቻ ነው የመጣልኝ። በኋላ ከእናቴ ጋር ብቻ ጀመርኩ፤ ራሴ ጫንኩላት፣ ፎቶ መላክ አሳየኋት። አሁን እህቶቼን ያስገባቻቸው እሷ ናት።

ማስታወሻ የምትጽፊበት አፕ ካለሽ ዛሬ ማታ ኤክስፖርቱን ሞክሪው። አልከፈት ካለሽ የፋይሉን ዓይነት እዚሁ ጻፊልኝ፤ አፑ በሕይወት እያለ ብዙውን ጊዜ መፍትሔ አይጠፋም።