ታንኩ ሞልቶ የማይነሳው ለምንድን ነው?

«ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን ታንኩን ቢሞላ ምን ይጎዳል? የካርቦኑን ስሌትስ ከየት ልጀምር?» ላልከው፦

የሚጎዳው ክብደቱ ነው። ነዳጅ ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይቃጠላል። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የምትወጣ፣ ሰው ጢም ያለባት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ስታቃስት ሰምተህ የለ? እንደዚያ በለው። በረጅም በረራ ከትርፉ ነዳጅ (ለጉዞው ከሚያስፈልገው በላይ ከተጫነው) በየሰዓቱ በግምት 3 በመቶው ለሸክሙ ብቻ ይሄዳል።

ለጽሑፍህ እንዲህ አስላው፦

1. ትርፍ 1,000 ኪሎ፣ የ7 ሰዓት በረራ፦ 210 ኪሎ ገደማ አየር ላይ ያልቃል። የመጠባበቂያው ነዳጅ ግዴታ ስለሆነ ትርፍ አይባልም፣ እሱን አትንካው።
2. አንድ ኪሎ ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ስለዚህ 210ን በ3.16 አባዛ፦ 664 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከነዳጁ የሚበልጠው ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ስለሚጨምር ነው።

ቦሌ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል። ትርፍ ነዳጅ የጫንክ ቀን ጭነት ልትቀንስ ትችላለህ።

ሌሎቹ ነዳጅ መቆጠቢያ ዘዴዎች፣ ካረፉ በኋላ አንዱን ሞተር ማጥፋት፣ ሳያቋርጡ ቀስ ብሎ መውረድ፣ የመሳሰሉት አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። አራት ኪሎ ካምፓስ የተማሪ ወረቀት ሳይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ሊትርና ኪሎን ማደባለቅ ነው። 1 ሊትር የጄት ነዳጅ 0.8 ኪሎ ገደማ ነው። ሊትሩን በቀጥታ በ3.16 ካባዛኸው ውጤትህ በሩብ ያህል ያብጣል።