መልስ፦ ራስን ማዋረድ ራስን መናቅ ነው?

ወንድሜ፣ «እግዚአብሔር ትዕቢተኛን የሚያዋርድ ከሆነ ራሴን ልናቅ ወይ?» ላልኸው፣ በፍጹም አይደለም። የባቢሎንን ንጉሥ ናቡከደነፆርን ተመልከት (ዳንኤል 4)። ነቢዩ ዳንኤል ኃጢአቱን በጽድቅ እንዲያስቀር፣ ለድሆችም እንዲራራ አስቀድሞ መክሮት ነበር፤ እግዚአብሔርም 12 ወር ታገሠው። ንጉሡ ግን ባቢሎንን በጉልበቴ ሠራኋት አለ፤ ቃሉ ገና በአፉ ሳለ ፍርዱ መጣ፤ አእምሮውንም መንግሥቱንም አጣ። ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲያነሣ አእምሮውም መንግሥቱም ተመለሱለት። እግዚአብሔር የጠላው ትዕቢቱን እንጂ ዙፋኑን አልነበረም ማለት ነው።

በጸሎትህ ራስህን ከሌላው ጋር ማወዳደር ስትጀምር ወዲያው አቁም። በኢየሱስ ምሳሌ ውስጥ ያለው ፈሪሳዊ የወደቀው እዚያ ላይ ነው (ሉቃስ 18)፤ መጾሙና አሥራት ማውጣቱ ጥፋት አልነበረም። ብዙዎቻችን የምንዘለው ደግሞ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥6-7ን ነው፦ ራስን ማዋረድንና ጭንቀትን በእግዚአብሔር ላይ መጣልን አያይዞ ይናገራል። ስለዚህ ብቻህን የተሸከምኸውን አንድ ጭንቀት በስሙ ጠርተህ ለእርሱ በመስጠት ጀምር።