በክረምት ገደል ለሚወርዱ፦ ከበረዶ ናዳ ሥልጠና የሚጠቅመንና የማይጠቅመን

እህታችን፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አሥራ አራት ሆናችሁ ከመስቀል አደባባይ ተነስታችሁ ወደ ደብረ ሊባኖስ ልትሄዱ፣ ከዚያም ከአፋፉ ወደ ሸለቆው ልትወርዱ እንደሆነ ጽፈሻል። በአልፕስ ተራሮች የሚሰጠውን የበረዶ ናዳ ሥልጠና በቪዲዮ አይተሽ፣ «እነሱ የሚይዙትን መሣሪያ ከውጭ ብናስመጣ ለእኛ የመሬት ናዳ ይሆነናል ወይ?» ነው ጥያቄሽ።

መሣሪያው አይሆናችሁም። ትምህርቱ ግን በደንብ ይሆናችኋል።

ያየሻቸው ዕቃዎች ሦስት ናቸው፦ በ457 ኪሎኸርትዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ፣ ከ2.4 እስከ 3 ሜትር የሚረዝም ተጣጣፊ መፈለጊያ ዘንግ፣ የብረት አካፋ። የተሠሩት የተቀበረውን ሰው አብረውት ያሉት ጓደኞቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲያወጡት ነው። በዚያ ጊዜ ከወጣ አብዛኛው ይተርፋል፤ 35 ደቂቃ ከሆነ በኋላ የሚተርፈው ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ስሌቱ የሚሠራው በረዶ በአካፋ ስለሚነሳና በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ተንሸራቶ የቆመ በረዶ በሜትር ኩብ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል፤ ውሃ የጠገበ አፈር ግን ወደ 2,000 ኪሎ ይጠጋል። ግማሽ ሜትር ጭቃ ብቻ ቢጫን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ቶን ነው፤ ደረት አየር ለመሳብ አይነሳም። ሬዲዮው ቦታውን ቢጠቁማችሁ እንኳ ቆፍራችሁ በጊዜ አትደርሱም። ስለዚህ ሐሳባችሁን ሁሉ ናዳው ከመምጣቱ በፊት በምትወስኑት ላይ አድርጉት።

ሠልጣኞቹ መጀመሪያ ከሚማሩት አንዱ ዳገት መለካት ነው። አደገኛው የበረዶ ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ዳገት ላይ ነው። የእኛ አፈር ሲጠግብ ከዚያ ባነሰም ይሄዳል፤ አንዴ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ሜዳ በሚመስል ቦታ ላይ ሳይቀር ይጋልባል። ዱላችሁን በዳገቱ ላይ አጋድሙና ስልካችሁን ከላዩ አድርጋችሁ በውሃ ልክ መተግበሪያው ለኩ። ከእግራችሁ ሥር ያለውን ብቻ ሳይሆን ከበላያችሁ ያለውንም ተመልከቱ። ሰው ምሳ ለመብላት የሚወደው ለጥ ያለ መስክ ብዙ ጊዜ የቆየ ናዳ ያመጣው አፈር ነው፤ ከላዩ የፈፋ አፍ ካለ እዚያ አትቀመጡ።

እነሱ የአደጋውን መጠን ከ1 እስከ 5 እያስቀመጠ በየዕለቱ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ አላቸው። እኛ የዝናብ ትንበያ አለን፤ ቀሪውን ራሳችን ማገናዘብ አለብን። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ መውጣቱ ስለ ገደሉ ምንም አይነግራችሁም። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ «ስንት ቀን ዘነበ? ሌሊቱንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአፋፉ ሥር ድንጋይና ልል አፈር ተከምሮ ተቀምጧል። ውሃው ሰርጎ ይወርድና ከሥሩ ያለው ሸክላ ወይም ጠንካራ ዐለት ላይ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ሲጠራቀም ከታች ይገፋል፤ አፈሩን የያዘው መያዣ ይላላል። ከላይ ያለው ቀጭን አፈር ዶፉ በሚወርድበት ሰዓት ይሄዳል፤ ጥልቁ ግን ዝናቡ ካባራ ከቀናት በኋላም ሊሄድ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በደብረ ሲና አካባቢ ማሳና ቤት ያወደመው ትልቁ የመሬት መንሸራተት የደረሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በ1998 ዓ.ም. መባቻ ነበር። የእኔ ልክ ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ቀን በተከታታይ በደንብ ከዘነበ ጉዞው በአፋፉ ላይ ይሆናል፣ ወደ ሸለቆው አይወረድም።

ምልክቶቹን ተለማመዱ። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ጥሩ መስካሪ ነው። ግንዱ ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ ከተቃና መሬቱ ለዓመታት በዝግታ ሲሄድ ቆይቷል፤ ግንዱ ቀጥ እንዳለ ዛፉ በሙሉ ካዘነበለ ግን እንቅስቃሴው የቅርብ ነው። ከዳገቱ አናት ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ ካያችሁ ከሥሩ አትለፉ። ስንጥቁ ያረጀ ነው የሚላችሁ ካለ፣ ከወዲህና ከወዲያ ችካል ትከሉና መካከላቸውን በገመድ ለክታችሁ ሂዱ፤ የመንደሩ ሰው በማግስቱ ይለካው። ጥቂት ሚሊሜትር ከሰፋ ቦታው በእንቅስቃሴ ላይ ነው። ጠርቶ ይፈስ የነበረ ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ፣ ወይም ደረቅ በነበረ ቦታ ውሃ ሲፈልቅ ተመለሱ። ከሁሉም የከፋው ዝናብ እየዘነበ ወንዝ ድንገት ሲጎድል ነው፤ ከላይ አንድ ነገር ገድቦታል ማለት ነው፣ ሲፈርስ ሁሉንም ይዞ ይመጣል። ያኔ አትማከሩ፤ ከወንዙ ውጡ።

ፈፋ ወይም የተናደ ቦታ መሻገር ግድ ከሆነ አንድ በአንድ ተሻገሩ። አንዱ ሲያልፍ ሌሎቹ ወጣ ያለ ጉብታ ላይ ቆመው ዳገቱን ያያሉ፤ ድንጋይ ሲንቀሳቀስ ያየ ፊሽካ ይነፋል። መሐል ላይ ፎቶ የለም። የቦርሳችሁን የደረትና የወገብ ማሰሪያ ፍቱ። ፊሽካ ከሰማችሁ ወደ ቀረባችሁ ጎን ሩጡ፤ ቁልቁል መሮጥ ከናዳው ጋር መሽቀዳደም ነው። ማምለጥ ካልቻላችሁ ተኮራምታችሁ ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ።

ሰው ከተያዘ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ይያዝ። ለማውጣት ከመግባታችሁ በፊት ግን ዳገቱ ላይ የቀረው አፈር ይታይ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተቀብረዋል። ሊረዱ መሮጣቸው የሚያኮራ ነው፤ የሚጎድለን የሚጠብቅ ሰው ማቆም ነው። አንድ ጠባቂ ከጎን ከፍ ብሎ ዳገቱን ብቻ ይይ፣ ሌሎቹ በጎን በኩል ይግቡ። መጀመሪያ አፍና አፍንጫ፣ ቀጥሎ ደረት። በእጅ ወይም በእግር ጎትታችሁ አታውጡ፤ ዙሪያውን ቆፍሩ። እግሩ በድንጋይ ተጭኖ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ጭነቱን ከማንሳታችሁ በፊት በስልክም ቢሆን የሕክምና ባለሙያ አማክሩ፤ የተጨፈለቀው ሥጋ የሚለቀው ፖታሲየም ልብን ሊያቆም ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያና የቀበሌውን ሊቀመንበር ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ወደ አፋፉ ሮጦ የሚደውል ሰውም ከወዲሁ ይመረጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥልጠናው በቀጥታ ውሰዱ፦ ከአሥራ አራታችሁ አንዱ «እዚህ አልወደድኩትም» ካለ ሁሉም ይመለሳል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ይህን ሚኒባሱ ሳይነሳ ተስማሙበት። ገንዘብ ከተከፈለና ገደሉ አፋፍ ላይ ከተደረሰ በኋላ አዲስ ገብ ሰው ድምፁን አያሰማም።

ለመሣሪያው ያሰባችሁትን ገንዘብ መርካቶ ውሰዱት። ለእያንዳንዱ ፊሽካ፣ የአገጭ ማሰሪያ ያለው የራስ ቁር (ማሰሪያ የሌለው የግንባታ ቁር ገና ሳይመታችሁ ይወድቃል)፣ ለቡድኑ ሁለት አጭር እጀታ አካፋ፣ የራስ ባትሪና ፋሻ። የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጠነክር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ የትም ብትደርሱ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳያልፍ ወደ አፋፉ ተመልሳችሁ ውጡ።