የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ልግዛ ወይስ የባህልና የታሪክ ማብራሪያ?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ አንድ መጽሐፍ እንደሚያመጣልኝ ነግሮኛል። የምፈልገው በብሉይና በሐዲስ ኪዳን ዘመን የነበረውን ባህል፣ ልማድና ታሪክ የሚያስረዳ ነው። የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ይሻለኛል ወይስ ራሱን የቻለ ማብራሪያ? እንግሊዝኛ በደንብ አነባለሁ፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ መካከል የሚታመነውን መለየት አስቸግሮኛል።
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የሚመጣልዎት አንድ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ ማብራሪያውን ቢመርጡ ይሻላል። በጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አብዛኛውን ገጽ የሚይዘው እርስዎ በአማርኛ ያለዎት ቅዱስ ቃል ራሱ ነው። ለግርጌ ማስታወሻ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ በመሆኑም አዘጋጆቹ ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ጉዳይ እንኳ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቈርጠው ለማለፍ ይገደዳሉ። በዚያ ላይ የታወቁት የጥናት መጽሐፍ ቅዱሶች ማስታወሻ በአብዛኛው ስለ ትምህርተ ሃይማኖት ነው፤ የጥንቱ ባህል የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው።

ከዚህ የሚለየው እ.ኤ.አ. በ2016 በዞንደርቫን አሳታሚ የወጣው የባህል ዳራ የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የብሉዩን ክፍል ጆን ዎልተን፣ የሐዲሱን ክሬግ ኪነር አዘጋጅተውታል። እነዚሁ ሰዎች ቀደም ሲል በኢንተርቫርሲቲ ፕሬስ ጥቅስ በጥቅስ የሚሄድ የዳራ ማብራሪያ ስላሳተሙ ሁለቱንም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የብሉዩ ማብራሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቷል፤ በዝግጅቱ ከዎልተን ጋር ቪክተር ማቲውስና ማርክ ቻቫላስ ተሳትፈዋል። የሐዲሱ የኪነር ብቻ ነው። ወንጌልንና መልእክታትን የሚያስተምሩ ከሆነ የኪነርን ያስመጡ፤ ነገር ግን በአሮጌ መጻሕፍት ገበያ በርካሽ የሚገኘውን እ.ኤ.አ. የ1993ቱን ሳይሆን ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን ይሁን። አንድ ጉድለቱን ግን ልሰውር አልወድም፤ ለተራው አንባቢ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ የሚነግረንን ነገር ከየት እንዳገኘው በየቦታው አይጠቅስም።

ስለ መታመን ያነሡት ጥያቄ ከመጽሐፍ ምርጫው የሚበልጥ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ ከመድረክ ወደ መድረክ የሚተላለፍ መሠረት የሌለው ወሬ ብዙ ነው። በማቴዎስ 19፥24 ስለ ግመልና ስለ መርፌ ቀዳዳ የተነገረውን ሲያብራሩ፣ በኢየሩሳሌም ግመል ተንበርክኮ የሚያልፍበት «የመርፌ ቀዳዳ» የተባለ ጠባብ በር ነበረ የሚሉ መምህራን አሉ። እንዲህ ያለ በር በጌታ ዘመን እንደነበረ የሚያሳይ ቁፋሮም የጥንት ጽሑፍም የለም፤ ማብራሪያው የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በመካከለኛው ዘመን ነው። የማይቻለውን ነገር በጥቂት ድካም የሚቻል ስለሚያደርገውም ከተከታዩ «በሰው ዘንድ አይቻልም» ከሚለው ቃል ጋር ይጋጫል። ሊቀ ካህናቱ በማስተስረያ ቀን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ሲገባ እግሩ ላይ ገመድ ይታሰር ነበር የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በኦሪትም፣ በአንደኛው መቶ ዓመት በኖረው በአይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ በፍላቪየስ ዮሴፍ ጽሑፎችም (ከዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የተለየ ነው)፣ የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ በሆነው በሚሽናም አይገኝም።

ሌላው አደጋ ያረጀ ግኝት ነው። በኢራቅ በኪርኩክ አቅራቢያ በምትገኘው በጥንታዊቷ ኑዚ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሺህ የሚቈጠሩ የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። አንዳንድ ሊቃውንት ከእነዚህ ጽላቶች በመነሣት፣ አብርሃም ሣራን «እኅቴ ናት» ያለው ሚስትን በሕግ እኅት የሚያደርግ የዘመኑ ልማድ ስለነበረ ነው የሚል ማብራሪያ ሰጡ፤ ብዙ መጻሕፍትም ተቀባበሉት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጽላቶቹ እንደገና ሲመረመሩ ይህ ንባብ አልጸናም። ይህ ማለት ግን የኑዚ ሰነዶች ዋጋ ቢስ ናቸው ማለት አይደለም፤ መካን የሆነች ሚስት ለባልዋ አገልጋይዋን ስለምትሰጥበት ውል የሚናገሩት አሁንም ለአጋር ታሪክ ይጠቀሳሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን ማብራሪያ ሲያገኙ ጥሩ ጽሑፍ ስለሆነ ብቻ አይመኑት፤ ከዚያ በኋላ ምን ተባለ ብለው ይጠይቁ።

ሦስተኛው ዓይነት ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። በራእይ 3፥15-16 ሎዶቅያ ለብ ያለች ስለመባሏ፣ በኢያራ (ሂራፖሊስ) ፍል ውኃ፣ በቈላስይስ ቀዝቃዛ ውኃ ነበረ፤ ወደ ሎዶቅያ የሚመጣው ግን በመንገድ ለብ ይል ነበር የሚለው ማብራሪያ እጅግ የታወቀ ነው። የሎዶቅያ ውኃ ከሌሎች ከተሞች ውኃ የከፋ እንዳልነበረ፣ ምስሉም በግብዣ ላይ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖ ከሚቀርበው መጠጥ የተወሰደ ሊሆን እንደሚችል የሚከራከሩ አሉ። እኔ ሁለተኛው ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ ሆኖም ከአንድ ማብራሪያ የምጠብቀው ከእኔ ጋር እንዲስማማ ሳይሆን ክርክር መኖሩን እንዲነግረኝ ነው። ወንድምዎ መጽሐፉን ከመግዛቱ በፊት በእነዚህ በሦስቱ ቦታዎች፣ ማለትም በዘፍጥረት 12፣ በማቴዎስ 19 እና በራእይ 3 ላይ ያለውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ቢልክልዎ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የመጽሐፉን ጠባይ ያሳይዎታል።

ከመደርደሪያዎ ያለውንም አይርሱ። የእንግሊዝኛ ማብራሪያዎች ስለ ጌታ ዘመን አይሁድ አስተሳሰብ ሲጽፉ ደጋግመው የሚጠቅሷቸው መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የቆዩት በግእዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቁርጥራጮች በአረማይክ፣ የኩፋሌ ደግሞ በዕብራይስጥ መገኘታቸው የመጻሕፍቱን ጥንታዊነት አረጋግጧል። በምዕራባውያን አቈጣጠር ከ37 እስከ 71 ያሉት የሄኖክ ምዕራፎች ግን በዚያ አልተገኙም፤ ስለ ዘመናቸው የሚደረገው ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። ማብራሪያው በይሁዳ መልእክት 14 ላይ ወደ ሄኖክ ሲመራዎ መጽሐፉን ገልጠው ራስዎ ያንብቡ፤ የምዕራፍ አከፋፈሉ ሊለያይ ስለሚችል በቍጥሩ ብቻ አይፈልጉ። በዘፍጥረት 6 ላይ እነዚህ ማብራሪያዎች የጥንት አይሁድ «የእግዚአብሔር ልጆች» የሚለውን መላእክት ብለው እንደተረዱት ይጽፋሉ፤ የእኛ መምህራን ደግሞ ደቂቀ ሴት ይሉናል። አንዱ የጥንት አንባቢ ምን እንዳሰበ የሚነግር ታሪክ፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ መሆኑን ለወጣቶቹ ለይተው ቢያስረዷቸው ግራ አይጋቡም። በመቃብያን ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ በዮሐንስ 10፥22 ስለ ቤተ መቅደስ መታደስ በዓል የሚጠቀሰው የግሪኩ መጽሐፍ በይዘቱ ከእኛ መቃብያን ጋር አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ኦርቶዶክስ» የሚል ስም ያለው የእንግሊዝኛ የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ አይቻለሁ። ለዚሁ ዓላማ ያገለግላል?
ሌላ አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲ.ሲ.

መልስ፦ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ያ መጽሐፍ ብሉይ ኪዳንን ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ጋር አስማምቶ ያቀርባል፤ ማስታወሻዎቹም በአበው ትምህርት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስለ ጥንቱ ዓለም ልማድ የሚሰጠው መረጃ ግን ጥቂት ነው። የተዘጋጀው የኬልቄዶንን ጉባኤ በሚቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት መምህራን ስለሆነ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚናገሩትን ማስታወሻዎች በጥንቃቄ ሊያነቡ ይገባል፤ የመጻሕፍቱም ቍጥር ከእኛ ሰማንያ አንድ ጋር አይገጥምም።