ጥያቄና መልስ፦ ሥጋ ደዌን በደም ምርመራ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። አብሮን የሚኖረው አጎቴ ክንዱ ላይ የወጣውን ነጣ ያለ ነገር ለዓመታት «ጭርት ነው» እያለ ቆይቶ፣ ባለፈው ወር ሥጋ ደዌ ተባለና መድኃኒት ጀመረ። እኔና ሁለቱ ልጆቼ ምንም የለብንም። ቀድሞ የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ ሲባል ሰምቼ ፒያሳ ሁለት ላብራቶሪ ጠየቅኩ። አንዱ «የለንም» አለኝ፤ ሌላዋ ስሙን ስትሰማ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። የት ልሂድ?

መልስ፦ የወንበሩ ነገር አናዶኛል፤ ይሁን።

ምርመራው አለ፣ ወሬ አይደለም። ባክቴሪያው ሽፋኑ ላይ ፒጂኤል-1 የሚባል ነገር አለው፤ ምርመራው ሰውነታችን ለእሱ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ ይፈልጋል። ባክቴሪያው የበዛበት ሕመምተኛ ላይ ጥሩ ይሠራል። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ የወጣበት ሰው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው የሚለው። ደግሞ ፖዘቲቭ ተብሎ ዕድሜ ልኩን የማይታመም ሞልቷል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ምልክት ለሌላቸው ቤተሰቦች ያልመከረው። ብታገኚውም ይዘሽው የምትመለሺው ጭንቀት ነው።

ይልቅ ልጆቹን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ወይም ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ሂጂ፤ ቆዳችሁን ከላይ እስከ ታች ይዩላችሁ። ነጣ ወይም ቀላ ያለ ቦታ ካለ ዓይናችሁን አስጨፍነው በጥጥ ጫፍ ይነኩታል፣ እናንተ የተነካውን በጣት ታሳያላችሁ። ጥጡ አርፎበት ጣት ካልተንቀሳቀሰ፣ ያ ከደሙ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ክርን ላይ ያለው ነርቭ አብጦ እንደሆነም ይዳስሳሉ። በሽታው ተደብቆ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ስለሚቆይ አንዴ ታይቶ አይበቃም፤ በየዓመቱ ተመለሱ። ከ2 ዓመት በላይ ለሆኑ የቤተሰብ አባላት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ መከላከያ ሪፋምፒሲንም አለ። ሥጋ ደዌና ቲቢ እንደሌለባችሁ ከታየ በኋላ ስለሚሰጥ እሱንም ጠይቂ።

ለአጎትሽ ብርጭቆ አትለዪበት! መድኃኒቱ ከተጀመረ ወዲያው ማስተላለፉ ይቆማል። በነጻ ነው፣ እንደ ሁኔታው 6 ወይም 12 ወር ይወስዳል። በወር አንዴ ሪፋምፒሲኑን በዋጠ ቀን ሽንቱ ቢቀላ ደም መስሎት እንዳይደነግጥ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።