ልጄ ወደ ዳንስ ውድድር ቡድን ብትገባ ኃጢአት ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። አንዲት አሠልጣኝ የ9 ዓመት ልጄን ለውድድር በሚዘጋጅ የሕፃናት የዳንስ ቡድን ውስጥ እንዳስገባት ጠይቃኛለች። ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ጠዋት ነው። የመድረኩን ልብስ ባየው ልቤ አልወደደውም፤ ልጄ ግን ካልገባሁ ብላ ታለቅሳለች። ባስገባት ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ አስቀድሜ የልጅዎን ፍላጎት እንደ ክፉ ነገር እንዳይቆጥሩባት እለምንዎታለሁ። ሕፃን ሲደሰት በመላ አካሉ ይደሰታል። ንጉሥ ዳዊትም በእግዚአብሔር ታቦት ፊት በሙሉ ኃይሉ እንደ ዘለለ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ተጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከቅዱስ ያሬድ በወረሰችው ዜማ፣ በከበሮና በጸናጽል፣ በወረብና በሽብሸባ ታመሰግናለች። ይሁን እንጂ ለእግዚአብሔር የቀረበውን የዳዊትን ምስጋና ጠቅሶ ለማንኛውም የመድረክ ዳንስ ፈቃድ መስጠት ትክክል አይደለም።

ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚቀርበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ነው። የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ የልደት በዓል በእንግዶቹ ፊት ዘፈነች፤ እርሱም ደስ ተሰኝቶ የምትለምነውን ሁሉ ሊሰጣት ማለላት፤ ልጅቱም በእናቷ ተመክራ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ ለመነች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ወንጌሉን ሲተረጉም ያንን ግብዣና ዘፈን አጥብቆ ነቅፏል። እኔን ዘወትር የሚያስፈራኝ ግን የእናቲቱ ሥራ ነው፤ ልጇ በሰዎች ፊት ያገኘችውን ሞገስ ለራሷ ቂም መወጫ አደረገችው። በአገራችን ልጃገረዶች በዕንቍጣጣሽ አበባየሆሽ እያሉ፣ እያጨበጨቡ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የመጥምቁን አንገት መቆረጥ ታስባለች። በመጀመሪያው ልጆች የልጅነት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከእኩዮቻቸው ጋር፣ በሚያውቋቸው ጎረቤቶች ፊት ይዘምራሉ፤ በሁለተኛው አንዲት ልጅ ለሹማምንት መደሰቻ ቀርባለች። ወላጅ ልጁን ወደየትኛው እንደሚያቀርባት መመርመር አለበት።

በውድድር መድረክ ከእንቅስቃሴው ጋር አለባበሱና የፊት ገጽታውም በዳኞች ፊት ስለሚቀርብ፣ ሕፃናትን ኳኩሎና አራቁቶ እንደ ትልልቅ ሴቶች ማስመሰል ወደ ማሸነፍ የሚያቀርብ የሚመስላቸው አሉ። ስለዚህ ልብዎ ያልወደደውን ልብስ «ሁሉም ልጆች ለብሰውታል» በሚል ምክንያት አይቀበሉት። የልምምዱ ቪዲዮ በቲክቶክ ይለቀቅ እንደሆነም ይጠይቁ፤ አንዴ ከወጣ ማን እንደሚያየው መቆጣጠር አይቻልምና፣ የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ ይህን አመዛዝና ልትፈቅድ አትችልም። ከሁሉም በላይ ልጅዎን ከልምምድ ስትመለስ ያስተውሏት፤ ስትሸነፍ ራሷን የምትንቅ፣ ስታሸንፍ ጓደኞቿን የምትንቅ ከሆነ ሜዳሊያው አይጠቅማትም።

የእሑድ ጠዋቱ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ልጅዎ ጾማ የምታስቀድስበትና የምትቆርብበት ሰዓት ነው፤ እናንተ ደግሞ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ ናችሁ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም የቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል እንኳ ዝም ስለሚሉ፣ በዚያ ወቅት የሚደረግ ውድድር ይቅርባት።

ስለዚህ ቡድኑ አሁን ባለበት ሁኔታ እንዳያስገቧት እመክራለሁ። ሆኖም አሠልጣኟን ያነጋግሯት። እሑድ ጠዋት ነፃ ከሆነ፣ ልብሱና እንቅስቃሴው ለሕፃን የሚገባ ከሆነ፣ በጾሙ ወቅት ካልቀረበችና እርስዎም በልምምዱ ቦታ መገኘት ከተፈቀደልዎት፣ ብትሳተፍ ኃጢአት ነው ብዬ አልከለክልዎትም። ከዚህ ጠበቅ ያለ መልስ የሚሰጡ መምህራን መኖራቸውን አውቃለሁ፤ የንስሐ አባትዎ ቤትዎንና ልጅዎን ስለሚያውቁ የእርሳቸው ቃል ከእኔ ምክር ይቅደም።

የሚከለክሏት ከሆነ «እግዚአብሔር ይቆጣሻል» ብለው አያስፈራሯት። የእሑዱን ሰዓትና የልብሱን ነገር ዕድሜዋ በሚረዳው መጠን ያስረዷት፣ ልቅሶዋንም በትዕግሥት ይስሟት። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍል ሊወስዷት ካሰቡም ኀዘኗ በረድ ካለ በኋላ፣ ራሷ ፈቅዳ ይሁን፤ ዝማሬን የዳንሱ ቅጣት አድርጋ እንዳታስበው።